ለእኔ ሲባል የተመረገ ኮረብታ

ደሴ የምትኖሩ ጎረቤቶቼ «ባሕር ዳር እንዴት ነበር?» ስትሉኝ ከርማችኋል። እኔም «ጥሩ ነው፣ ይሞቃል» እያልሁ ሳልፋችሁ ከረምሁ። ዛሬ ልንገራችሁ። ስለ ሐይቁ ለመስማት የጓጓ ካለ ግን ቅር ይለዋል፤ እኔ ጣናን ያየሁት ዓሣ እየበላሁ በጎን ነው። የሄድሁት ለሥራ ነው። ሥራዬ ተዳፋት መሬት ማጥናት ነው፤ የትኛው ኮረብታ ክረምቱን ቆሞ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ዝናብ ሲጠግብ ከነቤቱ ተንሸራትቶ እንደሚወርድ አይቶ መናገር። ለደሴ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። እኛ ሰፈር ልጅ ኳስ ካመለጠው ኳሱን ፍለጋ ሌላ ቀበሌ ነው የሚወርደው።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ወሩ ግንቦት ነው። ሹፌራችን ፈንታው ይባላል፤ አፉ ከመኪናው የሚፈጥን የደሴ ልጅ ነው። ዶክተር አይደለሁም ብዬ ብነግረው ብሠራው «ዶክተር» ማለቱን አልተወም። ወልድያ ሳንደርስ አንድ ኬላ ላይ አስቆሙንና ሻንጣዬ ተፈተሸ። ፈታሹ መዶሻዬን አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መዶሻ ነው።»

«ለምንሽ ነው?»

«ድንጋይ ልመታበት።»

«ድንጋዩ ምን አደረገሽ?»

የምሩን ነው የጠየቀኝ። እኔም ተናድጄ አለት ምን እንደሆነ፣ መሬት ለምን እንደሚንሸራተት ላስረዳው ጀመርሁ። ጓደኛው መጣና «ተዋት፣ አስተማሪ ናት» ብሎ አሳለፈን። ፈንታው እስከ ድልብ ዳገት ድረስ «ድንጋዩ ምን አደረገሽ» እያለ ሲስቅብኝ ሄደ። ዳገቱ ላይ ጎማ ፈነዳና ሣቁን አስታገሠልኝ። ትርፉ ጎማ ደግሞ ነፋስ የለውም! አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ፣ ከራሱ መኪና ቱቦ ዘርግቶ ሞላልን። ምን እንክፈልህ ስንለው «መንገድ ነው፤ ነገ ደግሞ እኔን ታነሡኛላችሁ» ብሎ ሄደ።

ነፋስ መውጫ አደርን። ስሟን ያወጣላት ሰው አልዋሸም። ደሴ በረደን እያልን የምናማርር ሰዎች አንድ ቀን እዚያ ብናድር አፋችንን እንይዛለን። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ስንቀጠቀጥ አየችና ከራሷ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ገፍፋ አመጣችልኝ። «አንቺስ?» ብላት «እኔ ለምጄዋለሁ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ» አለች። ጠዋት ትኩስ ሽሮ አብልታ ሸኘችን።

ማክሰኞ ደብረ ታቦርን አልፈን ወደ ወረታ ሜዳ ስንወርድ ካፖርቴን አወለቅሁ፤ ቀጥሎ ሹራቤን፤ ቀጥሎ የሚወልቅ ነገር አጣሁ። የሩዝ ማሳው ዝናብ እየጠበቀ ደርቆ ተኝቷል። ከወረታ ወደ ሐሙሲት ስንሄድ በስተግራችን፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ጀርባ፣ ቤቶች እርስ በርስ እየተጋፉ የወጡበት ኮረብታ አየሁ። የመጣሁት ለእሱ ነበር። የከተማዋን ስም አልጽፈውም፤ እዚያ ያሉ ሰዎች በእኔ ምክንያት የደረሰባቸው ይበቃቸዋል።

ሐሙሲት ሻይ ጠጥተን ባሕር ዳር ገባን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መንገዱ ሰፊ፣ ዘንባባው ያማረ፣ መሬቱ ግን እንደ ሰፌድ ዝርግ ነው። ለእኔ ዓይነቷ ሰው ደግሞ ዝርግ መሬት ምቾት አይሰጥም፤ ዓይኔ የሚደገፈው ነገር ያጣል። «ዶክተር፣ እዚህ አገር ብትወለጂ ሥራ ፈት ነበርሽ» አለኝ ፈንታው። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ አዘዝን። እኔ ስለ ሜዳው እያማረርሁ ስበላ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰካ። ዓይኔ ፈጠጠ፣ አስተናጋጇ «ኧረ ሰው!» ብላ ጮኸች። ከሌላ ጠረጴዛ አንድ ትልቅ ሰው ተነሥተው መጡና ደረቅ ዳቦ ጠቅልለው አጎረሱኝ፤ አጥንቱን ይዞት ወረደ። «ዓሣ እየተበላ አይወራም፣ ልጄ» አሉና ወደ ምሳቸው ተመለሱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ረቡዕ ጥናቱን ያዘዘው መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ኃላፊው ትሑት ሰው ነው፤ ካርታ ዘርግቶ ነገሩን አስረዳኝ። በሜዳው የሚኖረው ሕዝብ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ሲያስቸግረው ቀስ በቀስ ወደ ኮረብታው ወጥቷል። አሁን ደግሞ ሌሎች ቦታ ይሰጠን ብለው እየጠየቁ ነው። ኮረብታው ይሸከም እንደሆነ ክረምቱ ሳይገባ ማወቅ ይፈልጋሉ።

«ለቀበሌው ባለፈው ሳምንት ደውያለሁ፤ ከሩቅ አገር እንግዳ ትመጣላችኋለች፣ በክብር ተቀበሏት ብያለሁ» አለኝ።

አመሰገንሁት። ያን ስልክ ባይደውል ኖሮ እያልሁ ስንቴ እንዳሰብሁ! ግን ምን አጠፋ? ለደግ ነው የደወለው።

ሐሙስ ጠዋት ተመልሰን ኮረብታው ደረስን። ከተማዋ ደህና ማረፊያ ስለሌላት ያረፍሁት በእንግድነት ጋሽ እድሪስና እማማ ዘሃራ ቤት ነው። ጋሽ እድሪስ ዕድሜያቸውን ሁሉ በወረታና በሐሙሲት ገበያ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው፣ አርጅተው እቤት የተቀመጡ ቁጥብ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል። ለፈንታው የዕቃ ክፍላቸውን ለቀቁለት፤ እኔን እማማ ዘሃራ፣ በር ላይ በቆመው በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ አቅፈው ትከሻዬን ሳሙኝ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ! መንገዱ እንዴት አደረገሽ? ኧረ ከስተሻል!»

አይተውኝ አያውቁም፤ እንዴት እንደከሳሁ አወቁ? ሣቄ መጣ።

ግቢያቸው ምን ይመስል ነበር መሰላችሁ! መሬቱ በጭቃና በእበት ተለቅልቆ፣ ዳቦ ቢወድቅበት አንሥቶ መብላት ይቻላል። ግድግዳው ሁሉ አዲስ ምርጊት ነው። የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ እላይ ያለው ጎረቤት፣ እታች ያለው ጎረቤት፣ መተላለፊያው ሳይቀር እንደዚያው። «አቤት ንጽሕና!» አልሁ በሆዴ። የእኛ ሰፈር መተላለፊያ ትዝ ብሎኝ አፈርሁ።

ምሳ የጣና ዓሣ ነበር፤ የእስላምም የክርስቲያንም ምግብ ነውና ለሁላችንም በአንድ ትሪ ቀረበ። ለእራት ግን አልበቃቸውም። እማማ ዘሃራ ክርስቲያን ጎረቤታቸውን አስጠርተው ዶሮ አሳረዱልኝ፤ ለክርስቲያን እንግዳ ብለው ለብቻው ባስቀመጡት ድስት ጎረቤቲቱ ሠራችው። እኔ እየበላሁ እነሱ እያዩኝ ደስ ይላቸዋል። እኛም ወሎ እንዲህ እናደርጋለን፤ እንዲህ በደስታ ግን አላውቅም።

ያን ምሽት ጋሽ እድሪስ ከሜዳው እንዴት እንደወጡ አጫወቱኝ። የድሮ ቤታቸው ታች፣ ከሩዝ ማሳው አጠገብ ነበር። ጎርፍ ሲመጣ ጨርቁን ቆጥ ላይ ሰቅለው፣ ልጆቹን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው እሳቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድሩ ነበር። በመጨረሻ ግድግዳው ሟሟና ወደቀ። «ያን ቀን ለዘሃራ ቃል ገባሁላት፤ ከእንግዲህ ውሃ ከማይደርስበት ቤት ሳላስገባሽ አልሞትም አልኋት» አሉኝ። ይህን ቤት አንድ ክፍል፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ክፍል እያሉ ነው የጨረሱት። «አሁን ዝናብ ሲመጣ ተኝቼ ነው የምሰማው፣ አልሐምዱሊላህ።»

አርብ ኮረብታውን ከላይ እስከ ታች ስዞር ዋልሁ። ደስ የማይሉ ነገሮች አየሁ። ባሕር ዛፎቹ ቁልቁል አዘንብለዋል። እግርጌው ለመንገድ ተብሎ ተቆርጧል። ከሥር የምትፈልቀው ምንጭ ቀድሞ ጥሩ ነበረች ይላሉ፤ አሁን ትደፈርሳለች። የሰፈሩ እጣቢና የመጸዳጃው ውሃ ሁሉ እዚያው መሬቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ አፈሩ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥና የሚያዳልጥ ዋልካ ነው። ነገር ግን ዋናውን ምልክት አጣሁ። መሬት ሊሄድ ሲል መጀመሪያ አናቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ እንደ ማጭድ የጎበጠ ስንጥቅ ያወጣል። እሱን ፍለጋ በየግቢው ገባሁ፣ በየጓሮው ዞርሁ። ምንም የለም! ሁሉም ልስልስ ያለ አዲስ ልቅላቂ ነው። «እሰይ» አልሁ፤ ቦይ ቆፍሩ፣ ውሃውን አውጡ፣ ሌላ ቤት አትጨምሩ ብዬ ልመለስ በልቤ ወሰንሁ። ደስ ብሎኝ ነው ለራት የተቀመጥሁት።

«እማማ ዘሃራ፣ ይህን ሁሉ የለቀለቀው ማነው? የእርስዎ እጅ ብቻ አይመስለኝም» አልሁ፣ ላመሰግናቸው ብዬ።

«ወይ ልጄ! በደቦ ነው እንጂ። እንግዳ ትመጣለች ሲባል የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወጣ። ወንዶቹ ጭቃውን አቦኩልን። መሬቱ እኮ አፉን ከፍቶ ነበር፤ እግርሽን ብትሰበሪብን ምን እንባላለን? በድንጋይና በጭድ ጠቀጠቅነው፣ ላዩን መረግነው።»

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ።

«ምን ያህል ነበር የተከፈተው?»

«ኧረ ክንዴን ይውጥ ነበር! ከጎረቤታችን ከሰዓዳ ቤት ይነሣል፣ በእኛ ጓሮ ያልፋል፣ ዞሮ እስከ መስጊዱ አጥር ይሄዳል። የሰዓዳ በግ እግሩን ተሰብሮበታል።»

«ታዲያ ስዞር ስውል ለምን አልነገሩኝም?»

እማማ ዘሃራ ግራ ገባቸው። «የቤት ጉድፍ ለእንግዳ ይነገራል እንዴ?» አሉኝ።

ተደብቆብኝ አይደለም። ልታታልለኝ የሞከረች ነፍስ የለችም። ከሩቅ አገር ለመጣች ሴት ክብር ብለው፣ ጭቃ ተሸክመው፣ ላየው የመጣሁትን አንድ ነገር በእጃቸው ሸፈኑልኝ። እኔም ጅል፣ አዲስ ምርጊት እያየሁ «አቤት ንጽሕና» እያልሁ አለፍሁ። ጋሽ እድሪስ ፊቴን አይተው መብላታቸውን አቆሙ። እሳቸው ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ዶማ ይዘን ወጣን። ያንን ያማረ ግቢ ማን ይቆፍረው? ሴቶቹ በየአጥራቸው ቆመው ያያሉ። እማማ ዘሃራ ዶማውን ከፈንታው እጅ ተቀበሉ። «የደፈንሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ልክፈተው» ብለው የመጀመሪያውን መቱ። ምርጊቱ እንደ ድርቆሽ ተላቀቀ፤ ከሥሩ ስንጥቁ ጥቁር ሆኖ ታየ። እንጨት ብሰድበት መጨረሻ አጣሁለት። ከግቢ ወደ ግቢ እየከፈትን ሄድን፤ እሳቸው እንዳሉት ከሰዓዳ ቤት እስከ መስጊዱ አጥር፣ እንደ ማጭድ ጎብጦ። ከስንጥቁ በታች ያለው ሰፈር በሙሉ፣ የእነ ጋሽ እድሪስ ቤትም ጭምር፣ ከኮረብታው ተለይቶ ቁልቁል መሄድ ጀምሯል ማለት ነው። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ማዶ ችካል ተክዬ ርቀቱን ለካሁ፤ ለቀበሌው ሊቀ መንበርም በየጊዜው እንዴት እንደሚለካው አሳየሁት።

ከቀትር በኋላ ሰው ተሰበሰበ። እኔ ንግግር አላሳምርም። ክረምቱ ከበረታ ይህ መሬት ሊወርድ ይችላል፣ ከስንጥቁ በታች ያላችሁ ሰኔ ሳይገባ ውጡ አልሁ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ጮኸ። ጋሽ እድሪስ እጃቸውን ሲያነሡ ጸጥ አለ።

«ልጄ፣ ከውሃ ሸሽተን መሬት ላይ ወጣን። አሁን ከመሬት ሸሽተን ውሃ ላይ እንውረድ ነው የምትይን?»

«ሌላ ቦታ ይሰጧችኋል፣ ጋሼ።»

«መቼ?»

ሊቀ መንበሩን አየሁት፤ እሱ ጫማውን አየ።

«አንቺስ» አሉኝ፣ «ደሴ ቤትሽ ሜዳ ላይ ነው?»

«ዳገት ላይ ነው።»

«እና?»

«የእኔ አለት ላይ ነው፤ አይቼዋለሁ።» እውነቴን ነው። ግን ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

ሰዓዳ ወደ እማማ ዘሃራ ዞረች። «ምላስሽን ምን አስረዘመው? ዝም ብትዪ ዛሬ እንግዳዋ ስቃ ትሄድ ነበር!» «ካፍ ከወጣ አፋፍ» አለ ከኋላ አንዱ። አብረው ጭቃ የተሸከሙ ሴቶች አንድ በአንድ እያለፏቸው ሄዱ። እማማ ዘሃራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ቀሩ። የተናገሩት እኔ ስላመሰገንኋቸው ነው። እኔ ደግሞ በሰው ፊት «እሳቸው ባይነግሩኝ ሁላችሁም ልታልቁ ነበር» ማለት ሲገባኝ ወረቀቴን እሰበስብ ነበር። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

እሑድ ስንወጣ ማንም ሊሸኘን አልመጣም። ሐሙስ ለት ያ ሁሉ ሕዝብ በር ላይ ቆሞ ነበር። እማማ ዘሃራ ብቻ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ቋጥረው በመኪናው መስኮት ሰጡኝ። ጋሽ እድሪስ ከቤታቸው ደፍ ላይ ሆነው «መንገድ ይቅናሽ» አሉ፤ የሚያዩት ግን ወደ ኮረብታው ነው። ፈንታው እስከ ደብረ ታቦር ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ከተዋወቅን ወዲህ ያን ያህል ዝም ሲል አላየሁትም። እንቁላሉን እኔ አልበላሁትም፤ ለእሱ ሰጠሁት።

ሪፖርቱን ጻፍሁ፣ ላክሁ። ከስንጥቁ በታች ያሉት ሰዎች ሰኔ ሳይገባ ወጡ፤ በግድ የወጡም አሉ። የተባለው ቦታ ግን አልደረሰም። ጋሽ እድሪስና እማማ ዘሃራ ታች፣ ከሩዝ ማሳው አጠገብ፣ መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተው ገቡ።

ክረምቱ መጣ። ደሴ ዝናብ በያዘ ቁጥር ለሊቀ መንበሩ እደውላለሁ። «ተናደ?» «ኧረ አልተናደም።» ችካሎቹ ከተተከሉበት አንድ ስንዝር ያህል ተራርቀው ቆሙ። ቆመ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፤ ከርሞ ሊሄድ ይችላል፣ የዛሬ አምስት ዓመትም ሊሄድ ይችላል። ይህን ግን ኪራይ ቤት ውስጥ ሆኖ የራሱን ቤት ቆሞ ለሚያይ ሰው እንዴት አድርጌ ላስረዳው? ሰዎቹ «ያቺ የደሴ ሴት በባዶ ሜዳ አፈናቀለችን» ይላሉ አሉ። እውነቱን ልናገር፤ ይናድ ብዬ ተመኘሁ። ሰው የለበትም፣ ባዶ ነው፣ ይናድና እውነቷን ነው ይበሉኝ አልሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የሰው ቤት እንዲፈርስ ነው የተመኘሁ። እሱም አልሆነልኝም። መስቀል አለፈ፣ ዝናቡ ወጣ፣ ኮረብታው እንደቆመ ነው።

ጥቅምት ውስጥ ቢሮ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። እማማ ዘሃራ ናቸው።

«ልጄ፣ እድሪስ አረፈ።»

«ምነው? ምን ሆኑ?» አልሁ።

«ወባ ነው አሉ። እላይ ቤታችን ትንኝ አልነበረም፤ እዚህ ውሃው አጠገብ ነው። አላህ የጻፈው ነው፣ ምን ይደረጋል።» ድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ ፈለግሁ፤ ቢወቅሱኝ በተሻለኝ። አልነበረም። እያለቀስሁ አላህ ይዘንላቸው፣ ያጽናዎት አልሁ።

«አሜን። የደወልሁት አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው» አሉ። «ቤቱ አልወደቀም፣ አንቺም ሰምተሻል። እሱ እያለ ሁለት ነፍስ ነበርን፤ አሁን አንድ ነኝ። ቢወድቅም አንዲት አሮጊት ነው የሚወስድ። እሱ የሠራልኝ ቤት ነው። ልመለስ?»

አፌ ላይ «ይመለሱ» መጣ። ማንም አያየኝም፣ ማንም አይጠይቀኝም።

«አይሆንም፣ እማማ» አልሁ። «አይመለሱ።»

በስልኩ ውስጥ ትልቅ መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል።

«እሺ ልጄ። አንቺ ካልሽ እሺ» አሉ። ከዚያ ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።